የሕፃናት ሞትና ማኅበራዊ ኢኮኖሚያዊ መንሥኤዎቹ፦ ከድሬዳዋ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ድርቅ በአንድ አካባቢ ሲገባ በመጀመሪያ ለዓይን የሚታየው የደረቀ ማሳና የወደቀ ከብት ነው። በዕርዳታ ሥራ የተሰማራው ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀውም ስንት ኩንታል እህል እንደሚያስፈልግና በስንት የጭነት መኪና እንደሚጓጓዝ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ኅብረተሰብ ኑሮ ምን ያህል እንደተጎዳ በትክክል የሚመሰክረው በመጋዘን ያለው የእህል ክምችት ሳይሆን፣ ገና አንድ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት የሞት መጠን ነው። ሕፃን የራሱ ገቢ የለውም፤ የራሱ ጥሪትም የለውም። የሚኖረው በእናቱ ጤንነት፣ በቤቱ ውሃ፣ በአባቱ ሥራ፣ በጎረቤት እጅና በመንግሥት አገልግሎት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጉድለቱ አስቀድሞ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕፃናት ሞት የሐኪም ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን በምሳሌ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠችው የድሬዳዋ ከተማና በዙሪያዋ ያሉት ቀበሌዎች ናቸው። ከዚህም ሌላ ከባሕር ማዶ ያሉት የዓረብ አገሮች በዚህ ረገድ ያለፉበት መንገድ ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት ስላለ በአጭሩ ይቃኛል። በመጨረሻም በድርቅና በሠፈራ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሊፈጽማቸው የሚገቡ ተግባራት ይዘረዘራሉ።

1. የሕፃናት ሞት እንዴት ይለካል?

የሕፃናት ሞት መጠን የሚባለው በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ቁጥር ነው። ከዚሁ ጋር ሁለት ሌሎች መለኪያዎች አሉ። አንደኛው ከተወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱትን የሚቆጥረው የጨቅላ ሕፃናት ሞት መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱትን የሚቆጥረው ነው።

መለኪያዎቹ የተለያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ወር ሕፃንን የሚገድሉት በአብዛኛው ያለ ጊዜው መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ከወሊድ ጋር የሚመጣ የደም መመረዝ ናቸው። እነዚህ ከእናቲቱ የእርግዝናና የወሊድ ሁኔታ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ከመጀመሪያው ወር በኋላ ግን ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ወባና የምግብ እጥረት እየገነኑ ይመጣሉ። የእነዚህ ምንጭ ደግሞ ቤቱና አካባቢው ነው። ስለሆነም አንድ ሠራተኛ ሕፃናት በስንት ቀን ወይም በስንት ወር ዕድሜያቸው እንደሚሞቱ ካወቀ፣ ችግሩ ከየት እንደሚነሣ ግማሹን አወቀ ማለት ነው።

በአገራችን የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1000 ሕፃናት 97 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ይህ ቁጥር በ1997 ዓ.ም. ወደ 77፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 59፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ዝቅ ብሏል። በ16 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን በዚያው ጊዜ የወረደው ከ49 ወደ 29 ነው። በሌላ አነጋገር በ1992 ዓ.ም. ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ይሞቱ የነበረ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ስድስቱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሆነዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ክትባትና የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በኋለኞቹ ወራት የሚደርሰውን ሞት በሰፊው ሲቀንስ፣ ከወሊድ ጋር የተያያዘው ሞት ግን ጠንክሮ መቆየቱን ነው።

2. የድሬዳዋ ጥያቄ

ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሥፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገን ከዚራን፣ በሌላው ወገን መጋላን አድርጎ ይከፍላታል። ከተማዋ የባቡር ጥገና ሥራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ሰፊ ንግድና የድልጮራ ሆስፒታልን የመሰለ የሕክምና ተቋም ያላት በመሆኗ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ቀደምት ከሚባሉት መካከል ናት። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም በቻርተር የምትተዳደር የፌዴራል ከተማ ሆናለች።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የድሬዳዋ ሕፃናት የመኖር ዕድል ከአዲስ አበባ ሕፃናት ጋር የሚቀራረብ ነው ብሎ ቢገምት አያስገርምም። የ2008 ዓ.ም. ጥናት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ከጥናቱ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ውስጥ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ከ1000 ሕፃናት በአዲስ አበባ 39፣ በአፋር 125፣ በሶማሌ ክልል 94፣ በድሬዳዋ ደግሞ 93 ነበሩ። ድሬዳዋ የቆመችው ከአዲስ አበባ አጠገብ ሳይሆን አርብቶ አደሩ ከሚበዛበት ከጎረቤቷ ከሶማሌ ክልል አጠገብ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የክትባት ቁጥር ነው። በዚያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑት ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 39 ሲሆኑ፣ በሶማሌ ክልል ከመቶ 22፣ በድሬዳዋ ግን ከመቶ 76 ነበሩ። በክትባት ከሦስት እጥፍ በላይ የምትበልጥ ድሬዳዋ በሞት ቁጥር ከጎረቤቷ ጋር እኩል የሆነችበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልሱን ከመሻት በፊት ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሞቱ ቁጥር የ10 ዓመት ታሪክ ሲሆን የክትባቱ ቁጥር በጥናቱ ጊዜ የነበረው ሁኔታ ነው። የክትባት ውጤት በሞት ቁጥር ላይ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ በዘላን አካባቢ እናቶች የሞቱባቸውን ሕፃናት ሁሉ ለጠያቂ እንግዳ አይናገሩም፤ በመሆኑም የአርብቶ አደሩ የሞት ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ተደምረው ልዩነቱን በከፊል ያስረዳሉ። ሙሉ በሙሉ ግን አያስረዱም። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ከእጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት አሁንም መልስ ይፈልጋል። መልሱ ያለው በኑሮው ውስጥ ነው።

3. ሞት የሚመጣባቸው አምስት መንገዶች

ሄንሪ ሞዝሊና ሊንከን ቼን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን አንድ ዘዴ አስተዋውቀዋል። አሳባቸው ባጭሩ ሲገለጽ፣ ድህነት ወይም አለመማር በቀጥታ ሕፃንን አይገድልም፤ የሚገድለው በአምስት መንገዶች በኩል አልፎ ነው የሚል ነው። እነዚህም የእናት ሁኔታ፣ የአካባቢ ብክለት፣ የምግብ ጉድለት፣ ድንገተኛ አደጋና በሽታን የመከላከልና የማከም ልማድ ናቸው። ይህን ዘዴ በድሬዳዋ ላይ ብናውለው የሚከተለውን እናገኛለን።

ሀ/ የእናት ሁኔታ። ገና በልጅነቷ የምትወልድ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ደጋግማ የምትወልድ ወይም በእርግዝናዋ ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኘች እናት የምትወልደው ሕፃን ክብደቱ አነስተኛ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ደግሞ ለሞት የቀረበ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በድሬዳዋም የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። ሕጉ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሲከበር በገጠር ቀበሌ ግን ገና ብዙ ማስተማር ይጠይቃል። በዚህ ላይ የጫት ነገር አለ። በየመን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ጫት የሚቅሙ ነፍሰ ጡሮች የሚወልዷቸው ሕፃናት ክብደታቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ጉዳቱ ለእናቲቱም ለፅንሱም ነው። በርጫ የዕለት ልማድ በሆነበት አካባቢ ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም።

ለ/ የአካባቢ ብክለት። ድሬዳዋ ሞቃትና ዝናብ አጠር ናት። የመጠጥ ውሃዋም በአብዛኛው የሚገኘው ከመሬት ሥር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቤተሰቡ ውሃውን በበርሜል፣ በጀሪካንና በሮቶ ያጠራቅማል። ያልተከደነ በርሜል ሁለት ጠላት ያስገባል። አንደኛው እጅና ጣሳ የሚያስገቡት ቆሻሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትንኝ ነው። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በደቡብ እስያና በዓረብ ልሳነ ምድር የቆየች ስትሆን፣ በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በአገራችን ደግሞ በቀብሪ ደሐር እ.ኤ.አ. በ2016 ተገኝታለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ላይ የተደረገው ምርመራም ይህችኑ ትንኝና የውሃ ማጠራቀሚያዎችን ከወረርሽኙ ጋር አገናኝቷቸዋል። ወባ በእርግዝና ጊዜ እናቲቱን ሲይዝ የፅንሱን ክብደት ይቀንሳል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ሕፃኑን ደም ያሳጣዋል። እንግዲህ የውሃ እጥረት በተቅማጥ ብቻ ሳይሆን በወባም በኩል ሕፃን እንደሚገድል ልብ ይሏል።

ሐ/ የምግብ ጉድለት። ለስድስት ወር ያህል ለሕፃን የእናት ጡት ብቻ በቂ ነው፤ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ነገር ግን እንገሩን አፍስሶ ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ማቅመስ በብዙ ሥፍራ የቆየ ልማድ ነው። በከተማ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በከፊራ ገበያ አትክልት የምትቸረችር ወይም በሰው ቤት ተቀጥራ የምትውል እናት ሕፃኑን ለታላቅ እኅቱ ትታ ማለዳ ትወጣለች። በጡት ፋንታ የዱቄት ወተት ይቀጥናል፤ ውሃው ያልፈላ፣ ጡጦውም ያልታጠበ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የጡት ወተት ምትክ ምግቦችን ሽያጭና ማስታወቂያ የሚገድብ ደንብ ያጸደቀው ይህን መሰሉ አደጋ በመላው ዓለም በመታየቱ ነው። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እናቶች በአያት እጅ የሚተዉአቸው ሕፃናት ጉዳይም ከዚሁ ጋር ሊታሰብ ይገባል። የሚላከው ገንዘብ ቤቱን ይደጉማል፤ ነገር ግን የተቋረጠውን ጡት አይተካም።

መ/ ድንገተኛ አደጋ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊት የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎች ገድሎ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ጎርፉ የመጣው በተራራው ላይ ከጣለ ዝናብ ነበር። በአብዛኛው የተጎዱትም ወንዙ ዳር በርካሽ ቦታ ላይ የሠፈሩት ድሆች ናቸው። የመኖሪያ ቦታን የሚወስነው ገቢ ነው፤ የአደጋውን መጠን ደግሞ የመኖሪያ ቦታው ይወስነዋል።

ሠ/ በሽታን የመከላከልና የማከም ልማድ። ድልጮራ ሆስፒታል በከተማው ውስጥ መኖሩ በገጠር ቀበሌ ላለች ወላድ ቅርብ ነው ማለት አይደለም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ የመኪናው ኪራይ፣ የአስታማሚው ስንቅና የባል ፈቃድ ግን በነፃ አይገኙም። በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የወለዱት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 5፣ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 10፣ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26 ነበሩ። ዕድገቱ ፈጣን ነው። ይህም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምና በኋላም ወደ ከተማ የተዛመተው ሥራ ፍሬ ነው። ይሁንና ከጨቅላ ሕፃናት ሞት ጋር ሲመዛዘን ገና ብዙ መሥራት እንደሚቀር ግልጽ ነው።

እነዚህን አምስት መንገዶች የሚያያይዝ አንድ ክር አለ። እርሱም የእናቲቱ ትምህርትና በቤቷ ውስጥ ያላት የመወሰን ሥልጣን ነው። የተማረች እናት ውሃ ታፈላለች፤ የክትባት ቀጠሮ ታከብራለች፤ ከሁሉም በላይ ሕፃኑ ሲታመም የባሏን ወይም የአማቷን ፈቃድ ሳትጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣለች። በሕፃን ሕመም ደግሞ የአንድ ቀን መዘግየት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

4. ድርቅና ሠፈራ ሲጨመሩ

በ1966 ዓ.ም. በሐረርጌ በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎች የተካሄደ ጥናት አርብቶ አደሩ ከደገኛው ገበሬ ይልቅ እጅግ መጎዳቱን አሳይቶ ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጥናት ጠቅሶ ምክንያቱን አብራርቷል። አርብቶ አደሩ በደጉ ዘመን ከብቱን ሸጦ እህል ይገዛል። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ይከሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። ስለዚህ እህል በገበያ ላይ እያለ እንኳ መግዣ ያጣል። ከብቱ ሲያልቅ ደግሞ የሕፃኑ ወተት አብሮ ያልቃል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ ጊዜ በድሬዳዋ አዋሳኝ በሚገኘው የሲቲ ዞን የታየውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እንግዲህ የገበያ ዋጋን መከታተል የኢኮኖሚስት ሥራ ብቻ አይደለም። የፍየልና የማሽላ ዋጋ ልዩነት መስፋት የሕፃናት ሞት ሊጨምር ነው የሚል የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ሠፈራ የራሱ አደጋ አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጎዱት የሰሜንና የመካከለኛው አገር ክፍሎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወሰድ፣ ከደጋ የመጣው ሰው ወባን የመቋቋም አቅም አልነበረውም። ውሃና ቤት፣ ጤና ጣቢያና መንገድ ሳይሰናዱ ሰው ቀድሞ በመድረሱ የብዙ ሕፃናትና አረጋውያን ሕይወት ጠፍቷል። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሠፈራ ሥራ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ውሃ፣ ቀጥሎ የአጎበርና የክትባት ዝግጅት፣ ከዚያም ቤተሰብ ማጓጓዝ መሆን አለበት።

በመጠለያ ጣቢያ የሞት መጠን የሚለካው በዓመት ሳይሆን በቀን ነው። ቀድሞ የነበረው የአካባቢው መጠን በማይታወቅበት ጊዜ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 10,000 ሕፃናት በቀን 2 ከሞቱ ሁኔታው አስቸኳይ አደጋ ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ሩቅ ይመስላል። በምሳሌ እናቅርበው። አንድ ጣቢያ 5,000 ሰዎች አሉት፤ ከእነዚህም ከአምስት ዓመት በታች ያሉት 800 ናቸው እንበል። በዚህ ጣቢያ በ30 ቀን ውስጥ 5 ሕፃናት ከሞቱ የአደጋው ደረጃ ታልፏል። ከ5,000 ሰው መካከል በወር 5 ሕፃን ሞተ ቢባል ብዙ ሰው አይደነግጥም፤ በየስድስት ቀኑ አንድ ትንሽ መቃብር መቆፈሩን ልብ የሚለውም ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ግን መደንገጥ አለበት።

ከዚህ ላይ ጸሐፊው በሥራ ምክንያት ያየውን አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። በአንድ የመጠለያ ሥፍራ የራሽን መዝገብ ሲሞላ፣ መዝጋቢው ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ስም ይዘል ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ «እህል የማይበላ አፍ አይመዘገብም» አለ። በሰልፉ ላይ የልጅ ልጃቸውን አዝለው የቆሙ አንዲት አሮጊት ሰምተው ኖሮ፣ «ልጄ፣ እሱ የሚበላው እናቱን ነው፤ የእናቱን ድርሻ ጨምርላት» አሉት። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠው ቅጽ ያላዘዘውን አለመጻፉ ነበር። የመዝለሉ ውጤት ግን ሁለት ነው። የምታጠባው እናት ተጨማሪ ምግብ አላገኘችም። ከዚህም የሚብሰው፣ ያልተመዘገበ ሕፃን ቢሞት ሞቱም አይመዘገብም። በመሆኑም የዚያ ጣቢያ ሪፖርት ሁልጊዜ መልካም ይሆናል።

ይህ ችግር የመጠለያ ጣቢያ ብቻ አይደለም። በባህላችን ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ለቅሶው ጸጥ ያለ ነው። በእስልምናም ሥርዓት ቀብሩ በዕለቱ ይፈጸማል። ቤተሰቡ ኀዘኑን በልቡ ይዞ ዝም ይላል፤ የቀበሌ ጽሕፈት ቤትም አይሰማም። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ቢሆንም፣ የሕፃን ሞት ገና ሙሉ በሙሉ ወደ መዝገብ አልገባም። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ እየተካሄደ ያለው የቤት ለቤት ክትትል፣ ልደትና ሞት በየጊዜው ቢመዘገብ ምን ያህል ሊታወቅ እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ አርአያ ነው።

5. ከዓረብ አገሮች የሚገኝ ትምህርት

ሀብት ብቻውን ሕፃናትን ያድናልን? ለዚህ ጥያቄ የዓረብ አገሮች ጥሩ መልስ ይሰጣሉ። አውስትራሊያዊው የሥነ ሕዝብ ሊቅ ጆን ካልድዌል እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው አነስተኛ ሆኖ ሞትን የቀነሱትን እንደ ስሪላንካ፣ የሕንዷ ኬረላና ኮስታሪካ ያሉትን በአንድ ወገን፣ ገቢያቸው ከፍተኛ ሆኖ የሞት መጠናቸው ከገቢያቸው ጋር ያልተመጣጠነውን ደግሞ በሌላ ወገን አድርጎ አወዳድሯል። በሁለተኛው ወገን ከተሰለፉት መካከል ነዳጅ አምራቾቹ ኦማንና ሳዑዲ ዓረቢያ ይገኙ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው በዋነኛነት የሴቶች ትምህርትና በቤተሰብ ውስጥ ያላቸው ሥፍራ መሆኑን ካልድዌል አመልክቷል።

ኦማን ግን በዚያ አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ1970 በአገሩ የነበሩት መደበኛ ትምህርት ቤቶች 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ተማሪዎቹም ወንዶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከ1000 ሕፃናት ከ200 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሠርት ዓመታት የነዳጁ ገቢ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለክትባት በመዋሉ ቁጥሩ ወደ 10 ገደማ ወርዷል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1970 ጀምሮ በሰብዓዊ ልማት ፈጣን ዕድገት ካሳዩት አገሮች የመጀመሪያውን ሥፍራ ለኦማን ሰጥቷል።

ግብፅ ደግሞ ርካሽ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ አሳይታለች። በመላ አገሪቱ በተካሄደው ተቅማጥን የመቆጣጠር ዘመቻ፣ እናቶች በጨውና በስኳር የተሰናዳውን ንጥረ ነገር በውሃ በጥብጠው ለሕፃናት እንዲያጠጡ በቴሌቪዥንና በጤና ሠራተኛ ተማሩ። በተከታዮቹ ዓመታት በተቅማጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በሰፊው ቀነሰ።

የመን ተቃራኒውን አስተምራለች። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት የውሃ መሥመርና የጤና ተቋማት ሲፈርሱ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በኮሌራ ተጠርጥረው ተመዘገቡ። በብዙ ዓመታት የተገነባው በጥቂት ወራት ሊፈርስ ይችላል። እንግዲህ ከሦስቱ አገሮች የሚገኘው ትምህርት ሲጠቃለል፣ ገንዘብ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሕፃን የሚያድነው በሴት ልጅ ትምህርት፣ በንጹሕ ውሃና በቅርብ ሕክምና ላይ ሲውል ነው፤ ሰላም ከሌለ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ይሆናል የሚል ነው።

6. ከዕርዳታ ሠራተኛው የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘረው ተነሥቶ የሚከተሉት ተግባራት በማንኛውም የድርቅና የሠፈራ ጣቢያ ሊፈጸሙ የሚችሉና ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው።

1ኛ/ በቤተሰብ መዝገብ ላይ ሕፃን በተወለደበት ዕለት ስሙ ይግባ። ስም ካልወጣለት «ሕፃን» ተብሎ ከእናቱ ስም ጋር ይጻፍ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ተለይታ ተጨማሪ ምግብ ታግኝ።

2ኛ/ ሞት በየሳምንቱ ይቆጠር። ቁጥሩ ከጤና ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ከመቃብር ቆፋሪ፣ ከዕድር ዳኛ፣ ከመስጊድ ኢማምና ከቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይጠየቅ። ሕፃኑ በስንት ቀን ዕድሜው እንደሞተም ይጻፍ።

3ኛ/ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይዳረስ። የማጠራቀሚያ ዕቃ ሲታደል ክዳኑ አብሮ ይታደል። በርሜል በየሳምንቱ ተፍቆ ይታጠብ።

4ኛ/ የዱቄት ወተት በጅምላ አይታደል። እናቷ የሞተችበት ወይም ጡት የማያገኝ ሕፃን ሲኖር በጤና ሠራተኛ ክትትል ብቻ ይሰጠው።

5ኛ/ ለተቅማጥ የሚሰጠው ከረጢት በሌለበት ጊዜ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣትን እናቶች ሁሉ ይማሩ። ማንኪያው የተከመረ ሳይሆን ልክ የተሞላ ይሁን። ጡት ማጥባቱም አይቋረጥ።

6ኛ/ ሰዎች በብዛት በተሰበሰቡበት ሥፍራ የኩፍኝ ክትባት ሳይዘገይ ይሰጥ። ክብደቱ ያነሰ ጨቅላ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ታቅፎ ይሙቅ።

7ኛ/ የከብትና የእህል ዋጋ በየገበያው ቀን ተመዝግቦ ከጤና ሪፖርቱ ጋር አብሮ ለበላይ አካል ይቅረብ።

8ኛ/ በጣቢያው ትምህርት ቤት ሲከፈት ሴቶች ልጆች እንዳይቀሩ ውሃ የመቅዳቱ ሥራ ይቃለልላቸው። የዛሬዋ ተማሪ የነገ እናት ናትና።

ማጠቃለያ

በድሬዳዋ ያየነው ጥያቄ መልሱ አንድ አይደለም። ክትባት ብቻውን፣ ሆስፒታል ብቻውን ወይም የእህል ዕርዳታ ብቻውን የሕፃናትን ሞት አላስቆመም። ክትባት የወሰደው ሕፃን በርሜሉ ውስጥ በተራባችው ትንኝ ሊሞት ይችላል። ከወባ የተረፈው በጡጦው ውሃ ሊሞት ይችላል። ከሁለቱ የተረፈው ደግሞ ጎርፍ በሚወርድበት ዳርቻ ላይ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የውሃው፣ የጤናው፣ የትምህርቱ፣ የግብርናውና የዕርዳታው መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው የሚሠሩትን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያገናኙት ይገባል። የሚገናኙበት ነጥብም የሕፃናት ሞት ቁጥር ቢሆን ሥራቸው በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

ለዚህ ግን አስቀድሞ ሕፃኑ መቆጠር አለበት። የዕርዳታ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት መዝገቡን ሲከፍት፣ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ስም በየቤተሰቡ ሥር መኖሩን አይቶ ቢያረጋግጥ፣ የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ክፍል ተፈጸመ ማለት ነው።